ሊነክስ አንዱን ላፕቶፕ ተቀብሎ የሌላውን ዋይፋይ ለምን እምቢ ይላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ እ.አ.አ ኦክቶበር 14/2025 አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩ አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ያለ እንከን የሚሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ከድጋፍ ውጭ ሆነዋል።

የዚህ ውሳኔ ክብደት ይበልጥ የሚሰማው አዲስ ኮምፒውተር እንደልብ በማይገዛበት አካባቢ ነው። የደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ ከእነዚህ አንዷ ናት። አማራትን በመሰሉ የከተማዋ ሰፈሮች ያሉ ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና ሱቆች የሚገለገሉባቸው ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ከውጭ የሚገቡ ሲሆኑ፣ በኡጋንዳ በኩል በኒሙሌ ድንበር ረዥም የየብስ መንገድ ተጉዞ የሚደርሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነጋዴዎች በሚሠሩባት በዚህች ከተማ አልሠራ ያለን ዕቃ ወደ መጣበት መመለስ የሚታሰብ አይደለም።

ለአሮጌ ኮምፒውተሮች በተደጋጋሚ የሚጠቆመው መፍትሔ ሊነክስ ነው። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ ማሽኖች ላይም ይሠራል። ይሁን እንጂ ሊነክስ ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩ የማይታይበት፣ ፕሪንተሩ ድምፁን የሚያጠፋበት፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ መሣሪያ ከአንድ ማሻሻያ በኋላ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ያው ዕቃ ግን ጎረቤት ባለ ሌላ ሊነክስ ላይ ሲሰካ ወዲያው ይሠራል።

ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ ያለው ድራይቨሩ የት እንደሚኖርና ማን እንደሚንከባከበው በማወቅ ላይ ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ድራይቨር በኮምፒውተሩ አካልና በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ሶፍትዌር ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን መረጃ በዋይፋይ ላክ» ብሎ በጥቅሉ ያዛል። ድራይቨሩ ትእዛዙን ያ የተወሰነ ቺፕ ብቻ ወደሚረዳው ዝርዝር ይለውጠዋል። አስተርጓሚው ከሌለ ቺፑ ጤነኛ ቢሆንም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

በሊነክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚኖሩት ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ አስኳል ውስጥ ነው። ከርነል ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙ መሣሪያዎችን በሙሉ የሚያስተዳድር ክፍል ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.አ.አ ኦገስት 1991 ይፋ ያደረገው ይህ ሥራ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመሮች አሉት። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ድራይቨር ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ከርነል

ሰዎች «ሊነክስ ጫንኩ» ሲሉ የሚጭኑት ከርነሉን ብቻ አይደለም። ኡቡንቱ፣ ደቢያን፣ ፌዶራና ሊነክስ ሚንት ስርጭት ይባላሉ። ስርጭት ማለት ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አጣምሮ፣ ፈትሾና አሽጎ ለተጠቃሚው የሚያቀርብ ጥቅል ነው።

አዲስ የከርነል እትም በየዘጠኝና አሥር ሳምንቱ ይወጣል። ስርጭቶቹ ግን እያንዳንዱን እትም ተከትለው አይሮጡም። በተወሰነ ጊዜ አንዱን መርጠው ለዓመታት ይዘውት ይቆያሉ። ለምሳሌ ደቢያን 12 የያዘው ከርነል 6.1 ሲሆን፣ ደቢያን 13 የያዘው 6.12 ነው። ኡቡንቱ 24.04 ሲወጣ የያዘው 6.8 ነበር።

በአንድ ስም ሥር እንኳ ልዩነት አለ። ኡቡንቱ 22.04 መጀመሪያ ሲወጣ ከ5.15 ከርነል ጋር ነበር፤ በኋላ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ተብሎ የቀረበው የዚያው ስርጭት ጥቅል እስከ 6.8 ደርሷል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ኡቡንቱ 22.04 ነው የምጠቀመው» ቢሉም የሁለቱ ከርነል የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጋ የሠራ ዕቃ ሌላው ጋ እምቢ የሚልበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ከዋይፋይ መሣሪያዎች መረዳት ይቻላል። የኢንቴል ኤኤክስ210 ዋይፋይ ካርድ ከ5.10 በፊት በነበሩ ከርነሎች ላይ ድጋፍ አልነበረውም። በዩኤስቢ የሚሰኩና ሪልቴክ 8821ሲዩ የተባለውን ቺፕ የያዙ ርካሽ ዋይፋዮች ደግሞ በከርነሉ ውስጥ ድራይቨር ያገኙት እ.አ.አ በ2023 መጀመሪያ ከወጣው 6.2 ጀምሮ ነው። ይህን ቺፕ የያዘ ዋይፋይ 5.15 ባለው ማሽን ላይ ቢሰካ ዝም ይላል፤ 6.8 ባለው ላይ ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ይነሳል።

የከርነል ቁጥር ብቻውን ግን ሁልጊዜ ሙሉውን እውነት አይናገርም። ሬድ ሃት ለድርጅቶች በሚያቀርበው ስርጭት ውስጥ የከርነሉ ቁጥር ለዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል፤ ሆኖም ኩባንያው ከአዳዲስ እትሞች የተመረጡ ድራይቨሮችን እየወሰደ በአሮጌው ውስጥ ይጨምራል። የሬድ ሃት 9 ከርነል 5.14 ቢባልም በውስጡ ከዚያ በኋላ የተጻፉ ብዙ ድራይቨሮች አሉ።

ውስጥ ያለ እና ውጭ የቀረ

የሊነክስ ድራይቨሮች በአኗኗራቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ኮዳቸው በዋናው ከርነል ውስጥ የገባ ነው። እነዚህ ከርነሉ ሲሻሻል አብረው ይሻሻላሉ፤ በማንኛውም ስርጭት ውስጥም ይገኛሉ። ሁለተኞቹ ከከርነሉ ውጭ የቀሩ ሲሆኑ፣ አምራቹ ወይም አንድ በጎ ፈቃደኛ ለብቻው የሚያዘጋጃቸው ናቸው።

ችግሩ የሚበረታው በእነዚህ በውጭ በቀሩት ላይ ነው። ዊንዶውስ ለድራይቨር ጸሐፊዎች ለረዥም ጊዜ የማይለወጥ መገናኛ ለማቆየት ይጥራል። የሊነክስ ከርነል አዘጋጆች ግን ከርነሉ በውስጡ ከድራይቨሮች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ እንደማይጸና በግልጽ አስታውቀዋል። ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮሃርትማን የዚህን አቋም ምክንያት ያብራራበት ጽሑፍ ከከርነሉ ሰነዶች ጋር ተካቶ ይገኛል።

የአዘጋጆቹ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ የውስጡን መንገድ መለወጥ የሚያስፈልገው ስህተት ለማረም፣ ደኅንነትን ለማጠናከርና ፍጥነት ለመጨመር ነው። መንገዱን የሚለውጠው ሰው በከርነሉ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ስለዚህ ድራይቨሩን ወደ ውስጥ ያስገባ አምራች የሚጎዳበት ምክንያት የለም። በውጭ የቀረው ግን ለውጡን ተከትሎ ራሱን ማስተካከል የራሱ ዕዳ ነው።

እ.አ.አ በ2018 መጀመሪያ የወጣው ከርነል 4.15 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ እትም ድራይቨሮች የጊዜ ቀጠሮ የሚያስይዙበት አሠራር ተለወጠ። በከርነሉ ውስጥ የነበሩት ድራይቨሮች ከለውጡ ጋር እንዲስማሙ ተደርገው ስለነበር ተጠቃሚው ምንም አላወቀም። በውጭ የነበሩ ብዙዎች ግን ጸሐፊዎቻቸው እስኪያስተካክሏቸው ድረስ በአዲሱ ከርነል ላይ አልገነባም አሉ።

ይህን ሸክም ለማቃለል ዴል ኩባንያ ዲኬኤምኤስ የተባለ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ስርጭቶች ውስጥ ይገኛል። ሥራው ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር በውጭ ያለውን ድራይቨር ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት ነው። ለዚህ ግን የድራይቨሩ ኮድ፣ የኮድ መገንቢያ ፕሮግራምና ሄደር የሚባሉት የከርነሉ ፋይሎች በኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለባቸው። የድራይቨሩ ኮድ ከአዲሱ ከርነል ጋር የማይስማማ ከሆነ ዲኬኤምኤስም ሊረዳ አይችልም።

ቁልፉ ውስጥ የተቆለፈበት ቤት

ኢንተርኔት ውድ ወይም ቆራጣ በሆነበት ቦታ ይህ አሠራር የራሱ ወጥመድ አለው። የዋይፋይ ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉት ፋይሎች የሚገኙት በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት የሚገኘው ደግሞ በዋይፋይ ነው። ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ እንደተቆለፈ ቤት ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ብሮድኮም ነው። ኩባንያው እ.አ.አ በ2010 ለአንዳንድ ቺፖቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር አቅርቧል። ነገር ግን ቢሲኤም43142ን የመሰሉ፣ እ.አ.አ ከ2013 ገደማ በኋላ በበርካታ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ የገቡ ቺፖች የሚሠሩት ኮዱ ባልተከፈተ ድራይቨር ብቻ ነው። የዚህ ድራይቨር የመጨረሻ እትም የወጣው እ.አ.አ በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በአዳዲስ ከርነሎች ላይ እንዲነሳ የሚያደርጉት የየስርጭቱ ባለሙያዎች የሚጨምሯቸው ማስተካከያዎች ናቸው። አንዱ ስርጭት ማስተካከያውን ቶሎ ሲያቀርብ ሌላው ይዘገያል፤ ውጤቱም በዚያው ልክ ይለያያል።

በጥቅሉ ላይ የተጻፈው የዕቃ ስምም ዋስትና አይደለም። ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን722ኤን በሚል ስም የሚሸጠው የዩኤስቢ ዋይፋይ የመጀመሪያው እትም የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ ይህ ቺፕ በሊነክስ ከርነል ውስጥ ጥሩ ድራይቨር ካላቸው አንዱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው እትም ውስጥ ግን የገባው የሪልቴክ ቺፕ ነው። ስሙና መልኩ ያው ሆኖ ድራይቨሩ ፍጹም ሌላ ሆኗል። ዓመታት ያስቆጠረ ምክር ይዞ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ያላሰበውን ሊያገኝ ይችላል።

ድራይቨሩ ኖሮ መሣሪያው የማይነሳው መቼ ነው?

ብዙ ቺፖች ከድራይቨሩ በተጨማሪ ፈርምዌር ይፈልጋሉ። ፈርምዌር በራሱ በቺፑ ላይ የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ድራይቨሩ ይጭንበታል። በአብዛኛው ኮዱ ዝግ ስለሆነ ስርጭቶች በየራሳቸው መርህ ያስተናግዱታል።

ደቢያን ለረዥም ዓመታት ዝግ ፈርምዌርን ከዋናው መጫኛ ውጭ አድርጎ ቆይቷል። ስለዚህ ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ እያለም በደቢያን ላይ የማይነሱ የዋይፋይ ካርዶች ነበሩ፤ እነዚሁ ካርዶች በኡቡንቱ ላይ ይሠሩ ነበር። የፕሮጀክቱ አባላት እ.አ.አ በ2022 ድምፅ ሰጥተው ይህን አሠራር በመለወጣቸው፣ ጁን 2023 የወጣው ደቢያን 12 ፈርምዌሩን በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጥቷል።

ሌላው እንቅፋት ሴኪውር ቡት ነው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ጀምሮ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው ይህ መከላከያ፣ በርቶ ከሆነ ብዙ ስርጭቶች ያልተፈረመበትን ድራይቨር ወደ ከርነሉ እንዳይገባ ይከለክላሉ። በዲኬኤምኤስ የተገነባ ድራይቨር ያለ ስህተት ተጠናቅቆ ሳለ መሣሪያው የማይነሳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኡቡንቱን የመሰሉ ስርጭቶች ሲጫኑ የይለፍ ቃል ያስመርጡና ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ በሰማያዊ ገጽ ላይ መልሰው ይጠይቃሉ። ያን ገጽ ሳያነብ ያለፈ ተጠቃሚ ፈቃዱን ሳይሰጥ ቀርቷል ማለት ነው።

አዲስ ከርነል ሁልጊዜ ይሻላል?

ለአዳዲስ መሣሪያዎች አዎ፤ ለአሮጌዎቹ ግን የግድ አይደለም። ኤንቪዲያ ጂፎርስ 8 እና 9 የተባሉትን የግራፊክስ ካርዶች ለሚደግፈው 340 ለተባለው ድራይቨሩ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.አ.አ በ2019 መጨረሻ አቁሟል። ለ400 እና ለ500 ተከታታይ ካርዶች ያገለግል የነበረው 390 ደግሞ እ.አ.አ በ2022 መጨረሻ ተከትሎታል። እነዚህ ድራይቨሮች ከዚያ ወዲህ በወጡ ከርነሎች ላይ ያለ ሌሎች ሰዎች ማስተካከያ ለመገንባት ያስቸግራሉ። ለካርዶቹ ባለቤቶች የቀረው ኑቮ የተባለው፣ በከርነሉ ውስጥ ያለው ክፍት ድራይቨር ነው። ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ለቢሮ ሥራ ይበቃል።

ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮችም በር እየተዘጋባቸው ነው። ኡቡንቱ ለእነዚህ ማሽኖች የዴስክቶፕ መጫኛ ማቅረቡን እ.አ.አ በ2017 አቁሟል። ደቢያንም ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለመደበኛ 32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛና ከርነል አያዘጋጅም።

በሌላ በኩል በከርነሉ ውስጥ የገባ ድራይቨር ረዥም ዕድሜ እንደሚኖረው ኢትዮጵያ የምታውቀው ምሳሌ አለ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ፕሮጀክት እ.አ.አ በ2008 በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሺዎች ተማሪዎች ያደለው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕ የሚሠራው በፌዶራ ላይ በተመሠረተ ሊነክስ ነበር። 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ የነበረው ይህ ማሽን የማርቬል ዋይፋይ ቺፕ ይጠቀም ነበር። የቺፑ ፈርምዌር ዝግ በመሆኑ በወቅቱ ብዙ ትችት ቢያስነሳም፣ ድራይቨሩ ወደ ዋናው ከርነል ገብቶ አምራቹ ማሽኑን መሥራት ካቆመ በኋላም መኖሩን ቀጥሏል።

ከርነሉን የማይመለከቱ ችግሮች

«ድራይቨር» የሚባለው ሁሉ በከርነል ውስጥ አይደለም። የፕሪንተር ድራይቨሮች የሚሠሩት እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከከርነሉ ውጭ፣ በስርጭቱ ላይብረሪዎች ላይ ተደግፈው ነው። ስለዚህ ፕሪንተር እምቢ ሲል ከርነል መለወጥ ብዙ ጊዜ ፋይዳ የለውም።

ካኖን ኤልቢፒ 2900 የዚህ ዓይነት ፈተና ምሳሌ ነው። ካፕት በተባለ የካኖን የራሱ ቋንቋ ብቻ የሚነጋገር ሲሆን፣ ኩባንያው ለሊነክስ ያቀረበው ድራይቨር የ32 ቢት ላይብረሪዎችን ይፈልጋል። በ64 ቢት ስርጭት ላይ እነዚህ ላይብረሪዎች ተፈልገው ካልተጨመሩ ማተም አይጀምርም። አይፒፒ ኤቭሪዌርን ወይም ኤርፕሪንትን የሚደግፉ አዳዲስ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ግን በዘመኑ ስርጭቶች ላይ የአምራቹን ድራይቨር ሳይጠይቁ ያትማሉ።

የአማርኛ አጻጻፍም ከከርነሉ ለውጥ የተጠበቀ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.አ.አ በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ፣ በሊነክስ ላይ አማርኛ የሚጻፈው አይባስን በመሰሉ ከከርነሉ በላይ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ነው። ከርነሉ ለውስጥ ድራይቨሮች የማይገባውን ቃል ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ግን ይገባል፦ ትናንት ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም በከርነል ለውጥ ምክንያት እንዳይቆም ቶርቫልድስ ጥብቅ ሕግ አድርጎ ይዞታል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሊነክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ ማስነሳት ነው። አብዛኞቹ ስርጭቶች ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ላይ ይሠራሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና ከእንቅልፍ መንቃቱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መፈተሽ ይችላል። ፍተሻው ትርጉም የሚኖረው ግን በፍላሹ ላይ ያለው ስርጭትና እትም በኋላ ከሚጫነው ጋር አንድ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው የቺፑን ማንነት ማወቅ ነው። ኤልኤስፒሲአይ እና ኤልኤስዩኤስቢ የተባሉት የሊነክስ ትእዛዞች ከውጭ የተለጠፈውን የንግድ ስም ሳይሆን በውስጥ ያለውን ቺፕ ያሳያሉ። ድራይቨር መኖር አለመኖሩ የሚጣራው በዚህ ስምና መለያ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ዋይፋይ ለጠፋበት ማሽን ጊዜያዊ መውጫ ነው። የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የኢንተርኔት ማጋሪያውን ማብራት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ስላለ በአብዛኞቹ ስርጭቶች ላይ ወዲያው ይሠራል። የኤምቲኤን ወይም የዜይን ሲም የያዘ አንድ ስልክ የተቆለፈውን በር ይከፍታል ማለት ነው።

አራተኛው የሚሠራን ከርነል አለማጥፋት ነው። ኡቡንቱና ፌዶራን የመሰሉ ስርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጭኑ ቀዳሚውን ያስቀራሉ። ከማሻሻያ በኋላ መሣሪያ ከቆመ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያስታግሳል። ይህ ግን ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ በአሮጌው ከርነል ላይ መቆየት የደኅንነት ማሻሻያዎችን ያስቀራል።

ብዙ ኮምፒውተሮችን ለሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ደግሞ ረዥም ድጋፍ ያለውን አንድ ስርጭት መርጦ ሁሉንም ማሽኖች በእሱ ላይ ማድረጉ ይመከራል። ማሻሻያውን በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ ሲሳካ ወደ ሌሎቹ ማዳረስ፣ የድራይቨር ፋይሎችንና የከርነሉን ሄደሮች በፍላሽ ማስቀመጥም የኢንተርኔት ወጪን ይቀንሳል።

«ይህ ዕቃ በሊነክስ ይሠራል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል። ድራይቨሩ በዋናው ከርነል ውስጥ ገብቷል ወይ? ከገባስ ከየትኛው እትም ጀምሮ? የሁለቱን መልስ ያገኘ ገዢ ዕቃው በኡቡንቱም ሆነ በደቢያን ወይም በፌዶራ እንደሚሠራ በቂ ግምት ይኖረዋል። ድራይቨሩ ውጭ የቀረ ከሆነ ግን ዋጋው ርካሽ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ማሻሻያ ሲመጣ የሚጠይቀው ጊዜና የኢንተርኔት ወጪ ከዋጋው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።